ምርቃቱን ማን ይከፍለዋል? ከአረንጓዴ ቴምብር እስከ ካሽ ባክ

አገር ቤት ገበያ የወጣች እናት በርበሬውን አስመዝና ሒሳቧን ከከፈለች በኋላ ወዲያው አትሄድም። ዘንቢሏን እንደ ከፈተች ትቆምና «መርቂልኝ እንጂ!» ትላለች። ሻጯም ትንሽ አጉረምርማ አንድ እፍኝ ትጨምርላታለች። ምርቃት ይሉታል፤ ከሽማግሌ ምርቃት ጋር ስም መጋራቱም ያለ ነገር አይመስልም። ከየት እንደ መጣ ግን ማንም አይጠይቅም። ከሻጯ ክምር ላይ ሲነሣ በዓይን ይታያልና።

አሜሪካም ምርቃት አያጣም። የምስጋና ቀን የሚሉት ታንክስጊቪንግ ሲቃረብ የየቤቱ የፖስታ ሣጥን በባንክ ማስታወቂያ ይሞላል። በዚህ ካርድ ከገዙ ከመቶው ዶላር ሁለቱን፣ በበዓሉ ሰሞን ደግሞ አምስቱን እንመልስልዎታለን የሚል ነው። ስሙም ካሽ ባክ ነው። እዚህ ላይ ግን መራቂው ሻጩ አይደለም። መራቂው ዕቃውን ያልሠራ፣ ያልሸጠ፣ ገዢውንም በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ባንክ ነው። ክምሩ የት እንዳለ አይታይም። ክምሩን ለማግኘት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሱቅ ከእኛው የሰፈር ሱቅ እምብዛም የተለየ አልነበረም። ደንበኛው ይወስዳል፤ ባለሱቁ በደብተር ይጽፋል፤ ወር ሲደርስ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይሰወራል። የጠፋው ዕዳ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ዋጋው ላይ ይጨመራል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በሚልዋኪ ከተማ የነበረ ሹስተር የተባለ መደብር አንድ ዘዴ አመጣ። በጥሬ ገንዘብ፣ እጅ በእጅ ለሚከፍል ደንበኛ ትንሽ ቴምብር መስጠት ጀመረ። ቴምብሩ ሲጠራቀም በዕቃ ይለወጣል።

ይህን ነገር ልብ ማለት ይገባል። በአሜሪካ ንግድ ታሪክ ውስጥ ይህን መሰሉ ሽልማት ሲጀመር የሚሸለመው ያልተበደረ ሰው ነበር።

በ1896 ቶማስ ስፔሪና ሼሊ ሃችንሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህንኑ ዘዴ ራሱን የቻለ ንግድ አደረጉት። ኤስ ኤንድ ኤች የተባለው ኩባንያቸው አረንጓዴ ቴምብር እያሳተመ ለባለሱቆች ይሸጣል። ባለሱቁም ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲም ግዢ አንድ ቴምብር ለደንበኛው ይሰጣል። ደንበኛዋ ቴምብሩን በምራቋ እያረጠበች ደብተር ላይ ትለጥፋለች። ደብተሩ የሚሞላው በ1,200 ቴምብር ነው፤ ይህም የ120 ዶላር ግዢ ማለት ነው። የሞላውን ደብተር ይዛ ወደ ኩባንያው ማከማቻ ትሄድና መብራት፣ ብርድ ልብስ፣ የዳቦ መጥበሻ፣ የልጅ መጫወቻ ትቀበላለች። ብዙ ቤተሰብ ደብተሩን ዓመቱን ሙሉ አጠራቅሞ የገና ስጦታውን የሚያወጣው ከዚያ ነበር።

ነገሩ እያደገ ሄዶ በ1960ዎቹ ኩባንያው የሚያሳትመው ቴምብር ከአገሪቱ ፖስታ ቤት ቴምብር ሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ ራሱ በኩራት ይናገር ነበር። ቴምብር የማይሰጥ የምግብ መደብር ደንበኛው ጎረቤቱ ወዳለው እንዳይሄድበት ይሰጋል። ስለዚህ ሁሉም ሰጠ። ሁሉም ሲሰጥ ደግሞ ማንም ከማንም ብልጫ አላገኘበትም፤ የቀረው ወጪው ብቻ ሆነ። ለባለሱቁ ቴምብሩ የሚያስወጣው ከሽያጩ ወደ 2 በመቶ ገደማ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዘው፤ ወደ ኋላ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ወጪውን ማን እንደሚሸከመው መጀመሪያ ጮክ ብለው የተናገሩት የቤት እመቤቶች ናቸው። በ1966 መኸር በዴንቨር ከተማ የምግብ ዋጋ መወደድ ያስመረራቸው ሴቶች ትልልቆቹን የምግብ መደብሮች አንገዛም ብለው አደሙ። ከጠየቁት ነገር አንዱ ቴምብሩና የዕጣ ጨዋታው ይቅርና ዋጋው ይቀነስልን የሚል ነበር። ምርቃቱ ከራሳቸው ዘንቢል እየተወሰደ እንደሚሰጣቸው ገብቷቸዋል።

ሌላ ሰውም የገባው ነበር፤ እሱ ግን አላደመበትም። በካሊፎርኒያ ብሉ ቺፕ የተባለ የቴምብር ኩባንያ ነበር። ባለሱቁ ለቴምብሩ የሚከፍለው አስቀድሞ ነው፤ ደንበኛዋ ደብተሩን ሞልታ እስክትመጣ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚቀረውም ጥቂት አይደለም። በመካከል ያለው ገንዘብ ኩባንያው እጅ ይቀመጣል። ዛሬ በሀብቱ ስሙ የሚጠራው ዋረን በፌት የብሉ ቺፕን አክሲዮን የገዛው ለዚህ ለተኛ ገንዘብ ሲል ነበር። በ1972 ብሉ ቺፕ ሲስ የተባለውን የከረሜላ ኩባንያ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ያልተጠየቀ ምርቃት ለመራቂው እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬም ካርድ ላይ ተጠራቅሞ የሚረሳው ነጥብ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ደብተር አይለይም።

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ። አሜሪካኖች ለገና የሚያጠራቅሙበት ሌላም መንገድ ነበራቸው፤ ይህኛው ለእኛ ሰው በጣም የሚታወቅ ነው። በ1909 በፔንሲልቬኒያ፣ ካርላይል በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ባንክ የገና ክለብ የሚባል ቁጠባ ጀመረ። ደንበኛው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያስገባል፤ ገንዘቡ የሚወጣለት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። ሐሳቡ ወደ አገሪቱ ባንኮች በሙሉ ተዛመተ። ወለዱ ከንቱ ነበር፤ በብዙ ቦታ ጨርሶም አልነበረም። ሰው የሚገባበት ግን ለወለዱ ሳይሆን ገንዘቡ እንዳይነካ ነበር። ለበዓል እቁብ የገባ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ለመግባት አስቀድሞ ያዋጣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በ1930ዎቹ የችግር ዘመን ደግሞ ሌአዌይ የሚባለው መጣ፤ ዕቃው ሱቅ ይቀመጣል፣ ገዢው ጥቂት ጥቂት እየከፈለ ሲጨርስ ይወስዳል። በሁሉም ዘንድ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ገንዘቡ፣ ከዚያ ዕቃው።

ነጋዴዎቹ ግን የሸመታው ጊዜ እንዲረዝም ፈለጉ። በ1939 ኅዳር አምስት ሐሙሶች ነበሩትና የምስጋና ቀን እንደ ልማዱ በመጨረሻው ሐሙስ ቢውል ለገና የሚተርፈው ጊዜ አጭር ሊሆን ሆነ። ትልልቅ ባለመደብሮች ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አቤት አሉ። ፕሬዚዳንቱም በዓሉን በአንድ ሳምንት ወደ ፊት አመጡት። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ስቴት በአዲሱ፣ ግማሹ በድሮው ቀን አከበረ። በመጨረሻ ምክር ቤቱ በ1941 በዓሉ በኅዳር አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን ደነገገ። በገበያ ምክንያት በዓል ከቀኑ ሲነሣ ያዩ ሰዎች በጊዜው ብዙ ተሳልቀዋል።

ካርዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1950 ዳይነርስ ክለብ ለምግብ ቤት ሒሳብ የሚያገለግል ካርድ አወጣ። በሴፕቴምበር 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የብድር ካርድ በፖስታ ላከ። ያ ካርድ ነው በ1976 ቪዛ የተባለው። ባንኩ የጠበቀው ከመቶ አራት ያህሉ ክፍያ እንደሚያጓትቱ ነበር፤ ያጓተቱት ግን 22 በመቶ ሆኑ። ኪሳራው በሚሊዮን ዶላር ተቆጠረ።

ከፍሬዝኖ መማር የነበረባቸው የቺካጎ ባንኮች አልተማሩም። በ1966፣ ገና ሲቃረብ፣ እርስ በርስ እየተሽቀዳደሙ ወደ አምስት ሚሊዮን ካርድ በፖስታ በተኑ። አንዳንዱ ቤተሰብ ከአንድ በላይ ካርድ ደረሰው፤ ለሕፃን የተላከ ነበር፤ ለሞተ ሰው የተላከም ነበር። ሌቦች ከየፖስታ ሣጥኑ እየለቀሙ ገበያ ወጡበት። ካርዱን በዓይኑ ያላየ ሰው የዕዳ ደብዳቤ ደረሰው። በዚህና ይህን በመሰለው ምክንያት በ1970 ያልተጠየቀ ካርድ መላክ በሕግ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የሚላከው ካርዱ ሳይሆን ካርዱን ውሰዱ የሚለው ማባበያ ነው።

ሌላው መሰናክል አራጣን የሚከለክለው የየስቴቱ ሕግ ነበር። ይህም በ1978 ተነሣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ባንክ መሥሪያ ቤቱ ባለበት ስቴት የተፈቀደለትን ወለድ በሌላ ስቴት ካለ ደንበኛውም ላይ ማስከፈል ይችላል ብሎ ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክም በ1981 የካርድ ሥራውን ጠቅልሎ ወደዚያ ሄደ። ኒውዮርክ የሚኖር ሰው የካርድ ሒሳቡን ወደ ሱ ፎልስ መላክ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ካሽ ባክ የሚወለድበት መሬት ተደላደለ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ትልቁ ቸርቻሪ የነበረው ሲርስ በ1985 ዲስከቨር የተባለ ካርድ አወጣ። መጀመሪያ የተሞከረው በአትላንታ ነው። በጃንዋሪ 1986 በሱፐር ቦውል ጨዋታ መካከል በቴሌቪዥን ለአገሩ ሁሉ ታወጀ። የዓመት ክፍያ የለውም፤ በዚያ ላይ ከገዙበት ገንዘብ እስከ 1 በመቶ ይመለሳል ተባለ። ሌሎቹ ባንኮች ለጊዜው ናቁት። በኋላ ግን እንደ ቴምብሩ ዘመን ሆነና ሁሉም ተከተለ፤ አየር መንገዱ በማይል፣ ሌላው በነጥብ፣ ሌላው በጥሬ ገንዘብ።

በሚልዋኪው መደብር ቴምብር የሚሰጠው ዱቤ ላልጠየቀ ነበር። አሁን ምርቃቱ የሚሰጠው የብድር ካርዱን ላወጣ ሆነ። ነገሩ በመቶ ዓመት ውስጥ ተገለበጠ።

ወደ ክምሩ እንመለስ። አንድ ሰው ከኢትዮጵያ ምግብ ቤት 100 ዶላር በልቶ በካርድ ቢከፍል ባለቤቷ እጅ የሚገባው መቶው አይደለም። 2 ወይም 3 ዶላር መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚህ ላይ ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይደርሳል። ባንኩም ከዚያ አንሥቶ ለበላተኛው አንድ ወይም ሁለት ዶላር ይመርቃል። የድሮዋ የባለሱቅ 2 በመቶ እንግዲህ ይህችው ናት። ባለሱቁ ቴምብር አልፈልግም ማለት ይችል ነበር፤ ዛሬ ካርድ አልቀበልም የሚል ሱቅ ግን ደንበኛው በሩ ላይ ይመለስበታል። የዋሽንግተን ዲሲ የታክሲ ነጂዎች፣ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ምርጫም አልተሰጣቸውም። በ2013 የካርድ መክፈያ መሣሪያ ያልገጠመ ታክሲ መሥራት እንዳይችል ታዘዘ።

ምግብ ቤቷ ይህን ወጪ ከየት ታመጣዋለች? ከክትፎው ዋጋ ላይ ነው እንጂ ከሌላ ከየትም አታመጣውም። የክትፎው ዋጋ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ባለ 2 በመቶ ካርድ የያዘው ዶክተር ከፍሎ 2 ዶላሩ ይመለስለታል። አጠገቡ የተቀመጠው፣ ከመጣ ስድስት ወር ያልሞላው፣ የብድር ታሪክ የለህም ተብሎ ካርድ የተከለከለው ልጅ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፤ ለእሱ የሚመለስ የለም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው ልጁ ለዶክተሩ መርቆለት ወጣ ማለት ነው።

ይህ የምግብ ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2010 በቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ሦስት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ሒሳቡን አስልተው አወጡት። በጥሬ ገንዘብ የሚገለገል ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር በካርድ ለሚገለገሉት ያስተላልፋል፤ በካርድ የሚገለገለው ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ያገኛል ብለዋል። በገቢ ሲከፍሉትም በዓመት 20,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገኘው ቤት 21 ዶላር ሲያጣ፣ 150,000ና ከዚያ በላይ ያለው ቤት 750 ዶላር ይደርሰዋል። ቁጥሮቹ የዚያ ዘመን ናቸው፤ ገንዘቡ የሚፈስበት አቅጣጫ ግን እንዲህ ነው።

ካርድ አለኝ፣ ተጠቃሚ ነኝ የሚለውም ቢሆን ቀስ ይበል። ክምሩ ውስጥ ሁለተኛ እህል አለ፤ እሱም ወለድ ነው። ወሩ ሳያልፍ ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው ካሽ ባኩን በንጹሕ ይወስዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ለገና 1,000 ዶላር ገዝቶ 2 በመቶ የተመለሰለት ሰው 20 ዶላር አገኘ። ዕዳውን ግን ወደሚቀጥለው ወር ካሻገረውና ካርዱ በዓመት 24 በመቶ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ይህም ብርቅ አይደለም፣ በወር 2 በመቶ ነውና 20 ዶላሩ በመጀመሪያው ወር ወለድ ተመልሶ ሄደ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዕዳ ያሻገረ ሰው አዲስ በሚገዛው ዕቃ ላይ የነበረውን የእፎይታ ጊዜ በአብዛኛው ያጣል፤ ወለዱ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርበታል።

አምስት በመቶ የሚሉት የበዓል ምርቃትም ወሰን አለው። በየሦስት ወሩ ዓይነቱን በሚለዋውጡት ታዋቂ ካርዶች ዘንድ ወሰኑ በሦስት ወር 1,500 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ይህም ቢበዛ 75 ዶላር ነው፤ እሱም አስቀድሞ ተመዝግቦ ለጠየቀ። ሳይመዘገብ የገዛ መሳቢያ ውስጥ ደብተሩን እንደ ረሳችው ሴት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለበዓል አገር ቤት ገንዘብ ለመላክ ይህን ካርድ ማውጣት ነው። ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ምርቃት የለውም፤ የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ ወለዱም ከዕለቱ ይጀምራል። ለእናት የተላከች 300 ዶላር እንዲህ ሆና ስትሄድ ከላኪው ኪስ የምትወጣው ከ300 በላይ ነው።

በዚህ ረገድ ቀን መቁጠሪያችን ለእኛ ሰው አንድ ውለታ ውሎልናል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። አሜሪካኖች ዲሴምበር 25ን አልፈው መደርደሪያቸውን ለማራገፍ ዋጋ የሚሰብሩት በነዚያ በመካከሉ ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። ልጅ የጎረቤቱን መጫወቻ እያየ እንዲታገሥ ማድረግ ይከብዳል እንጂ፣ አምስት በመቶ የሚመልስ ካርድ ሁሉ ግማሽ ዋጋ የተቆረጠለትን ጫማ አይስተካከልም።

በአውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ይህ ሁሉ ጉድ ለምን እንዳልደረሰባቸው ሳይጠይቁ አልቀሩም። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ባንኮች ከነጋዴው የሚወስዱትን ድርሻ በብድር ካርድ 0.3 በመቶ፣ በዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ ብሎ ወሰነው። ክምሩ ሲያንስ ምርቃቱም አነሰ። አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ የገደበችው የትልልቅ ባንኮችን የዴቢት ካርድ ብቻ ነው። የብድር ካርዱን አልነካችውም። ስለዚህም ነው እዚህ ትልልቁ ምርቃት ሁሉ በብድር ካርድ ላይ የተከመረው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየምግብ ቤቱ፣ በየነዳጅ ማደያውና በየትንንሹ ሱቅ አንድ ወረቀት መለጠፍ ጀምሯል። ሁለት ዋጋ ተጽፎበታል። አንዱ ለካርድ ነው፤ ሁለተኛው፣ 3 ወይም 4 በመቶ ዝቅ ያለው፣ እጅ በእጅ ለሚከፍል። ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ዋጋ እንዲቀንስ የአሜሪካ ሕግ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፈቅዶለት ነበር፤ ሲጠቀምበት የሚታየው ግን ጥቂቱ ብቻ ነበር። ደንበኛው ወረቀቱን አይቶ ይናደዳል፤ ካርድ አወጣህ ብለው ቀጡኝ ይላል። ባለሱቁ ደግሞ ማንንም አልቀጣሁም፤ ያልተበደረውን መረቅሁት እንጂ ይላል። የሚልዋኪው ባለመደብርም በቴምብሩ ያለው ይህንኑ ነበር።